የሳሙና ውሃ ምንድን ነው? ክሽክሽን የሚገድለው እንዴት ነው?

ጎመን የተከለ ሰው ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ያውቀዋል። ቅጠሉ ይጨማደድና ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ገልበጥ ስታደርጉት ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ መንጋ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ለዚህ መንጋ ጎረቤት ሁሉ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፦ የሳሙና ውሃ።

ነገሩ ሳሙና የሟሟበት ውሃ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ብዙዎች እንደ መርዝ ያዩታል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው። የክሽክሽ ገላ ለስላሳ ነው፤ ላዩን ሰም መሰል ነገር ይሸፍነዋል። ባዶ ውሃ ብትረጩበት ተንከባሎ ይወርዳል። ሳሙና ሲገባበት ግን ውሃው ገላው ላይ ይለጠፋል፣ ሰሙን ያልፋል፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ይህ የሚሆነው ታዲያ እርጥብ እስካለ ድረስ ነው። ቅጠሉ ላይ የደረቀ ሳሙና ምንም አያደርግም። "ረጨሁት፣ አልሠራም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረጨው ከላይ ከላይ ነው። ክሽክሹ ያለው ከቅጠሉ ሥር ነዋ!

ለ1 ሊትር ውሃ 1 ወይም 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ያለበትን ተዉት። እኔ አንዴ ዱቄቱን በግምት በጥብጬ፣ ያውም በቀትር ፀሐይ፣ የቃሪያ ችግኞቼ ላይ ረጨሁት። በማግስቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ ተጠብሶ ጠበቀኝ። ክሽክሹም ሞቷል፣ ቃሪያውም። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነው የምረጨው፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሬ፣ አንድ ቀን ጠብቄ።

አንዴ ረጭቶ መተው አያዋጣም። ሴቷ ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልጋት ትራባለች፤ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ጥቂት ከተረፉ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን መልሰው ይሞሉታል። በየ4 እና 5 ቀኑ ደጋግሙት። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁም ጠርጥሩ፤ ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወደው ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ትንሽ ጥንዚዛ ግን አትንኳት፤ ክሽክሽ በላተኛ ናት።

ትምባሆ ዘፍዝፈው የሚረጩም አሉ። መግደሉን ይገድላል፤ ግን ኒኮቲን ለሰውም መርዝ ነው፣ ጎመኑን የምትበሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ችግኙ ደህና አምሽቶ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ከተገኘ ግን ሳሙናችሁን አታባክኑ። ያ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ሌሊት በልቶ ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል፣ ርጭት አያገኘውም። በግንዱ ዙሪያ ታችና ላዩ የተቆረጠ የወረቀት ኩባያ አፈር ውስጥ ቀበር አድርጉለት። ደግሞ ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉት ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለዶሮ ወርውሩላት። ዶሮዋን ወደ መደቡ እንዳታመጧት ብቻ፤ ትሉን ትታ ችግኙን ነው የምትጭረው።