የምራቅ ምርመራ «ከፍ ብሏል» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ጎንደር በቡድናችን ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ላብራራው። ለድድ በሽታ ሲባል በምራቅ ውስጥ የሚለካው ባዮማርከር (ጠቋሚ ንጥረ ነገር) በሽታው ራሱ አይደለም፤ ሰውነት ለበሽታው የሰጠው ምላሽ ምልክት ነው።

ኤምኤምፒ-8 የተባለውን ኢንዛይም እንውሰድ። ድድ በባክቴሪያ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ፤ ኢንዛይሙን በአብዛኛው የሚለቁት እነርሱ ናቸው። እርሱም ድድንና ጥርስን አያይዞ የሚያቆመውን ኮላጅን ይሰባብራል፤ ከዚያም ከምራቅ ጋር ይቀላቀላል።

እንበል የአንዲት የአዘዞ እናት ውጤት ከፍ አለ። ይህ አፋቸው ውስጥ መቆጣት እንዳለ ይጠቁማል፤ የትኛው ጥርስ አጠገብ እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ምራቅ ከመላው አፍ የተጠራቀመ ነውና። ጥርስን የያዘው አጥንት መጉደሉንም አያሳይም። ለዚህ ሐኪሙ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ይለካል (በጤናማ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው)፤ ራጅም ያዛል። በቁጥር ብቻ ተደናግጦ ጥርስ ማስነቀል ፈጽሞ ተገቢ አይደለም!

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው «ከፍተኛ» የሚባልበት ወሰን ነው፦ እንደ መመርመሪያው ዓይነትና እንደ ናሙናው አወሳሰድ ይለዋወጣል፤ ማጨስም ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ በተለያየ ቦታ የተሠሩ ውጤቶችን አታወዳድሩ። ድዳችሁ ስትቦርሹ የሚደማ ከሆነ ደግሞ የምራቅ ምርመራ ሳትጠብቁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ።