«የታጣ ገቢ» ምንድን ነው? የጎልድ አባላት ጥቅም አየር መንገዱን በእርግጥ ስንት ያስወጣዋል?

አዘውትረው የሚበሩ ደንበኞች ስለሚያገኟቸው ጥቅሞች በተነሣ ቁጥር ተመሳሳይ ስሌት አነባለሁ። ተንታኙ የአንድ ጎልድ አባል (ብዙ በመብረር ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ ያገኘ ደንበኛ) የዓመት ጥቅሞችን ይዘረዝራል፤ ላውንጁን (የኤርፖርቱን ልዩ ማረፊያ) በበሩ ላይ በሚከፈለው ዋጋ፣ ተጨማሪውን ሻንጣ በትርፍ ሻንጣ ታሪፍ፣ ወደ ቢዝነስ ክላስ መሸጋገሩን ደግሞ በሁለቱ ቲኬቶች የዋጋ ልዩነት ይተምናል፤ ከዚያም ደምሮ «አየር መንገዶች በእያንዳንዱ ጎልድ አባል ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከስራሉ» ብሎ ይደመድማል። ድምሩ ልክ ነው፤ የተደመረው ግን ወጪ አይደለም። ደንበኛው ጥቅሙን ከኪሱ ቢገዛው ኖሮ ይከፍለው የነበረው የመሸጫ ዋጋ ነው። በገቢ ሂሳብ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህ ስሕተት አንዴና ሁለቴ ሲሆን ይታለፋል፤ አሁን ግን እንደ እውነት መጠቀስ ጀምሯል።

ለአየር መንገዱ የአንድ ጥቅም ወጪ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በጥሬው የሚወጣው ነው፤ ምግብ፣ ነዳጅ፣ ለሌላ ድርጅት የሚከፈል ሂሳብ። ሁለተኛው የታጣ ገቢ የምንለው ሲሆን፣ ቦታው ወይም አገልግሎቱ በነጻ ባይሰጥ ኖሮ ሊያስገኝ ይችል የነበረው ገንዘብ፣ ያንን ገንዘብ በሚያስገኝበት ዕድል ተባዝቶ ማለት ነው። ተንታኙ የሚዘልለው ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ነው።

ከመናኸሪያ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ እናስብ። ረዳቱ በየሳምንቱ ለሚሳፈረው ነጋዴ ጋቢናውን ይሰጠዋል። የጋቢናና የኋላ ወንበር ታሪፍ አንድ ከሆነ፣ መኪናውም ሳይሞላ የሚወጣ ከሆነ ረዳቱን ያስወጣው ነገር የለም፤ ነጋዴው ግን ሌላ መኪና ቢጠራው ዞር ብሎ አያይም። ለጋቢናው ሃምሳ ብር ጨምሮ ሊከፍል የተዘጋጀ ሌላ መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ ከነበረ ግን፣ ከረዳቱ ኪስ ማንም ምንም ባይወስድም ሃምሳ ብር ሄዷል። ነጋዴው በሌላ ቀን ሁለት ጆንያ ይዞ ይመጣል። ፖርቶመጋላው ባዶ ከሆነ ጆንያዎቹ የሚያስከትሉት ጥቂት ነዳጅ ብቻ ነው፤ የሞላ ዕለት ግን የሚከፈልበት የሌላ ሰው ጭነት መሬት ላይ ይቀራል። የጆንያው ታሪፍ በሁለቱም ቀን አንድ ነው፤ ወጪው ግን አይገናኝም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው፣ ጋቢናው መኪናው ሊነሣ ሲል በነጻ እንደሚሰጥ የታወቀ ጊዜ ነው፤ ያኔ ሃምሳ ብር ጨምሮ የሚሳፈር ይጠፋል።

ይህንኑ ወደ አውሮፕላኑ እንውሰደው። 3,000 ዶላር የሚያወጣ የቢዝነስ ክላስ ወንበር በረራው 24 ሰዓት ሲቀረው አልተሸጠም እንበል። የአየር መንገዱ የሽያጭ ትንበያ ሥርዓት ካለፉት በረራዎች ተነሥቶ ወንበሩ እስከ መነሻው ድረስ የመሸጥ ዕድሉን 5 በመቶ ብሎ ከገመተው፣ ወንበሩን ለጎልድ አባል መስጠት የሚያሳጣው ገቢ 150 ዶላር ነው፤ የምግቡና የመጠጡ ልዩነት ይታከልበት። አባሉ የለቀቀው የኢኮኖሚ ወንበር የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ላይ ይቀነሳል። ተንታኙ ግን ከ3,000ው ላይ 900 ዶላር የኢኮኖሚ ዋጋ ያነሣና 2,100 ብሎ ይጽፋል።

«ወንበሩ ባዶ ሊሄድ ነበርና ወጪው ዜሮ ነው» የሚሉት ወገኖችም ቢሆኑ ከስሕተት አያመልጡም። የእነርሱ ስሕተት የዛሬውን በረራ ብቻ ማየታቸው ነው። በነጻ መሸጋገሩን የለመደ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ኢኮኖሚ ገዝቶ ይጠብቃል፤ ይህ ኪሳራ በየትኛውም የአንድ በረራ ሂሳብ ላይ አይታይም። የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ ቀድሞ በአገር ውስጥ በረራዎቹ የፈርስት ክላስ ወንበሮቹን በብዛት ለአባላቱ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መሸጥ ሲጀምር ግን ገዢ እንዳለው ተገነዘበ፤ ዛሬ አብዛኞቹን ይሸጣቸዋል። ጥቅሙ በዴልታ ደንብ ላይ አሁንም ሰፍሮ ይገኛል፤ የሚደርሳቸው ሰዎች ናቸው ያነሱት።

ለእኛ አገር መንገደኛ ከሁሉም ጥቅሞች የሚበልጠው ሻንጣ ስለሆነ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም በሼባማይልስ ጎልድ ወይም ፕላቲነም የሆነ ሰው አየር መንገዱ አባል በሆነበት የአየር መንገዶች ኅብረት የስታር አሊያንስ ጎልድ ስለሚሆን፣ ሻንጣ በቁጥር በሚታይበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ በኪሎ በሚታይበት ደግሞ 20 ኪሎ ይጨመርለታል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ነው። በሥራው የታወቀው ግምት፣ አውሮፕላን ለሚሸከመው ተጨማሪ ክብደት በየሰዓቱ ከክብደቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ያቃጥላል የሚል ነው። ስለዚህ 23 ኪሎ ሻንጣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ይህም በተራ ጊዜ የነዳጅ ዋጋ ከ10 ዶላር ብዙም አይርቅም። ለሠራተኛ ጊዜና ለጭነት አያያዝ ጥቂት ብንጨምርበት እንኳ ከትርፍ ሻንጣ ታሪፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ይዞ ሊነሣ የሚችለው ክብደት ይገደባል፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚቀዳው፣ የመልሱ ግን በቀጥታ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ክብደት በተገደበበት በረራ ላይ በርበሬና ሽሮ የሞላች ሦስተኛ ሻንጣ ነዳጅ ከመፍጀቷ በላይ፣ ካርጎ ክፍሉ በኪሎ ሊሸጠው የሚችለውን ቦታ ትይዛለች። አንዲቱ ሻንጣ በአንዱ አቅጣጫ ከምንም የማትቆጠር፣ በሌላው ደግሞ እውነተኛ ወጪ ናት። ካርጎው በዚያ ቀን ገበያ ከሌለው ግን እንደገና ከምንም አትቆጠርም፤ «የአንድ ሻንጣ ወጪ ስንት ነው?» ተብዬ ስጠየቅ «የትኛው በረራ?» ብዬ የምመልሰው ለማምለጥ አይደለም።

በነገራችን ላይ የሻንጣው ጥቅም ዋጋ በከፊል አየር መንገዶቹ ራሳቸው የፈጠሩት ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከትላልቆቹ የአገሩ አየር መንገዶች ቀድሞ በመጀመሪያው ሻንጣ ላይ 15 ዶላር መጠየቅ ጀመረ። ለሁሉም በነጻ ይሰጥ የነበረው ሻንጣ በአንድ ጊዜ የአባላት ጥቅም ሆኖ ተቆጠረ፤ ሻንጣውን ለመጫን የሚወጣው ወጪ ግን በሳንቲም አልተለወጠም።

ላውንጅ ላይ ስንደርስ የሚኒባሱ ምሳሌ አያገለግልም፤ እዚህ ጥሬ ገንዘብ ይወጣል። አባሉ የራሱ አየር መንገድ ላውንጅ ሲገባ ኪራዩና ደመወዙ እርሱ ባይመጣም የሚከፈል በመሆኑ የሚጨመረው የምግብና የመጠጥ ወጪ ነው። በፍራንክፈርት ወይም በሌላ ከተማ የአጋር አየር መንገድ ላውንጅ ሲገባ ግን አየር መንገዱ ለአጋሩ በሰው ልክ ይከፍላል፤ ሂሳቡ በየጊዜው ይወራረዳል። ይህም ቢሆን በድርድር የሚወሰን ተመን እንጂ በበሩ ላይ የተለጠፈው ዋጋ አይደለም። ላውንጁ ሲጨናነቅ ደግሞ የማይታይ ወጪ ይመጣል፤ የሚጎዳው የቢዝነስ ክላስ ቲኬት ገዝቶ መቀመጫ ያጣው መንገደኛ ነውና።

ሌላው የሚያታክተኝ ነገር ማይልንና እርከንን፣ ማለትም በቲኬት የሚለወጠውን ነጥብና እንደ ጎልድ ያለውን የአባልነት ደረጃ፣ ማደባለቅ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የደንበኞች ፕሮግራሙን አድቫንቴጅን በግንቦት 1 ቀን 1981 ሲጀምር የሰጠው ማይል ነበር። ማይል ዕዳ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የገቢ ሂሳብ አያያዝ ደረጃ (አይ ኤፍ አር ኤስ 15) መሠረት ከቲኬቱ ዋጋ ተቀንሶ ማይሉ ጥቅም ላይ እስኪውል ድረስ በዕዳነት ይመዘገባል። ጎልድ መሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ መስመር የለውም፤ ወጪው በምግብ አቅርቦት፣ በኤርፖርት አገልግሎትና በማስታወቂያ ሂሳቦች ውስጥ ተበትኗል (አሠራሩ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው እንደሚለያይ ልብ ይሏል)። ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ስላላገኙት ነው ሰዎች ቁጥሩን ከራሳቸው የሚፈጥሩት። ዴልታ በ2024 ማይል ከሚገዛው የክሬዲት ካርድ ኩባንያ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱ፣ ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ዩናይትድም በ2020 የማይል ፕሮግራሙን ማይሌጅ ፕላስን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር መበደሩ በዋናነት የማይል ንግድ ውጤት ነው። ይህን ጠቅሶ «እንግዲያው የጎልድ ጥቅሞች አዋጭ ናቸው» ማለት አይቻልም።

አዋጭነቱ የሚወሰነው ጥቅሙ ሰውየው ሌላ ጊዜ የማይገዛውን ቲኬት እንዲገዛ ሲያደርገው ነው። ጎልድ አባላት ከሌላው ተሳፋሪ ብዙ እጥፍ እንደሚያወጡ ማሳየት ምንም አያስረዳም፤ ጎልድ የሆኑት ብዙ ስላወጡ ነው። ትርጉም ያለው ንጽጽር ደረጃውን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የሳቱትን በሚቀጥለው ዓመት ማየት ነው። ቀጥታ በረራ ያለው አንድ አየር መንገድ ብቻ በሆነበት መስመር ጥቅሙ የሚለውጠው ምርጫ ስለሌለ ወጪው እንዲሁ ስጦታ ይሆናል። ጥቅሙ የበለጠ የሚያዋጣው በሦስትና በአራት አየር መንገዶች መካከል መምረጥ የሚችለው፣ ቲኬቱንም መሥሪያ ቤቱ የሚገዛለት ሰው ዘንድ ነው፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የዋጋውን ልዩነት አሠሪው ይሸከማል፤ ላውንጁና ሻንጣው የሠራተኛው ነው።

የአባላቱ ቁጥር ሲበዛ ግን ይህ ሁሉ ይናጋል። ቀድሞ የመሳፈር መብት ለአየር መንገዱ ምንም አያስወጣም፤ ግማሹ ተሳፋሪ ሲኖረው ግን ለማንም ምንም አይሰጥም። በኮቪድ ዘመን ብዙ አየር መንገዶች እርከኑን ያለ በረራ ሲያራዝሙ የደረሰው ይኸው ነው። ዴልታ በመስከረም 2023 ከፍተኛውን እርከን የ35,000 ዶላር ወጪ እንዲጠይቅ፣ የላውንጅ መግቢያውም በብዙ እንዲጠብ ወሰነ። ደንበኞቹ ተቆጡ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኤድ ባስቲያን ርምጃው ከልክ ማለፉን አምነው በጥቅምት ወር ወደ 28,000 ዶላር አወረዱት። የላውንጁ ገደብ ግን ላላ ተደርጎ ቀረ እንጂ አልተነሣም፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።