ሚኪ ሌላንድ፦ ከሂዩስተን ፊፍዝ ዋርድ እስከ ጋምቤላ

ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ፣ ሁሉም በሚጠራቸው ስም ሚኪ ሌላንድ፣ የቴክሳስን 18ኛ የምርጫ ክልል ወክለው ከ1979 እስከ 1989 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ የዲሞክራቲክ ፓርቲ እንደራሴ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ስማቸው የመንገድ ስም ሆኗል፤ በመንገዱ ከሚመላለሰው ሰው መካከል ግን የስሙን ባለቤት የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ሕይወታቸው ያለፈው ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲጓዙ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስተዳደግ

ሌላንድ ኖቬምበር 27 ቀን 1944 በቴክሳስ ሉቦክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቤተሰቡን ትተው ስለሄዱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ሂዩስተን ገቡና በፊፍዝ ዋርድ ኑሮ ጀመሩ። እናት በመድኃኒት መደብር ውስጥ ምግብ እያበሰሉ ተምረው በኋላ መምህርት የሆኑ ብርቱ ሴት ነበሩ። ፊፍዝ ዋርድ ከከተማዋ እምብርት በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ፣ ጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች የሚበዙበት የድኾች ሠፈር ነው። ይህ ሠፈር ለአሜሪካ ሁለት ስመ ጥር እንደራሴዎችን አከታትሎ መስጠቱ የሚገርም ነው፤ ከሌላንድ በፊት ወንበሩን የያዙት ባርባራ ጆርዳንም የዚያው ሠፈር ልጅ ነበሩ፤ የተማሩትም በዚያው በፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ሌላንድ ከዊትሊ በ1964 ከወጡ በኋላ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1970 በፋርማሲ ተመረቁ፤ እዚያው ለአጭር ጊዜ አስተማሩ።

ከቤት ወደ ቤት

የሌላንድን የኋላ ሥራ ለመረዳት ከዚህ የፋርማሲ ዘመን መነሣት ይሻላል። ተማሪና መምህር ሳሉ በሂዩስተን ድኻ ሠፈሮች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ነዋሪዎች የት መታከም እንደሚችሉ የሚነግር፣ ቀድሞ ምርመራ እንዲደረግላቸው የሚያግዝ ዘመቻ አደራጁ። በሠፈሩ ነጻ ክሊኒኮች እንዲከፈቱም ሠርተዋል። በሌላ በኩል የፖሊስን ጭካኔ በመቃወም ከሚንቀሳቀሱ ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ የያኔው ሌላንድ ቁጡና ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው እንደነበረ ወዳጆቻቸውም አይክዱም። የሂዩስተን የጥበብ ደጋፊዎች የነበሩት ባለጸጎቹ ጆንና ዶሚኒክ ደ ሜኒል በዚህ ጊዜ ነው ያወቋቸውና ለፖለቲካው መንገድ ድጋፍ የሰጧቸው።

በ1972 አንድ ነገር ተለወጠ። ቀድሞ የሂዩስተን አካባቢ የክልል እንደራሴዎች በሰፊ ቀጠና ድምፅ ስለሚመረጡ የጥቁሮች ሠፈር ድምፅ በብዙኃኑ ድምፅ ይዋጥ ነበር። አንድ ወንበር ለአንድ ቀጠና የሚለው አሠራር ሲመጣ ሠፈሩ የራሱን ሰው መምረጥ ቻለ። በዚያ ምርጫ ሌላንድ፣ ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንቶኒ ሆል፣ ሰንፍሮንያ ቶምፕሰንና ቤኒ ሬየስ አንድ ላይ ወደ ቴክሳስ ምክር ቤት ገቡ፤ «የሕዝቡ አምስት» የሚል ስምም ወጣላቸው።

የቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን የገቡት ፀጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ የአፍሪካ ዳሺኪ ለብሰው፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው ነው። ሙሉ ልብስና ባርኔጣ በለመደው ምክር ቤት ይህ ሁኔታ ብዙ መነጋገሪያ ሆኗል። ከአለባበሳቸው ይልቅ ሊወሳ የሚገባው ግን የመድኃኒት ሕጉ ነው። ሌላንድ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ጄነሪክ መድኃኒቶች ውድ የንግድ ስም ያላቸውን ተክተው እንዲሸጡ የሚፈቅደውን ሕግ ገፍተው አሳልፈዋል። የፋርማሲ ባለሙያ በመሆናቸው ለአንዱ ኪኒን ሁለት ዋጋ ሲከፈል ለምን እንደሆነ ለባልደረቦቻቸው ማስረዳት አልከበዳቸውም። በእስር ቤቶች ማሻሻያ ላይም ሠርተዋል።

በዚሁ ዘመን ታንዛኒያን ሊያዩ ለሦስት ሳምንት ሄደው ሦስት ወር ቆዩ። ከአፍሪካ ጋር የተዋወቁት በዚህ ጉዞ ነው።

በኮንግረስና በምርጫ ክልላቸው

ባርባራ ጆርዳን በ1978 ዳግም ላለመወዳደር ሲወስኑ ሌላንድ ወንበሩን አሸነፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምርጫዎች ሁሉ ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ተመርጠዋል። በኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ፣ በፖስታና ሲቪል ሰርቪስ ኮሚቴ እንዲሁም የዋሽንግተን ከተማን ጉዳይ በሚያየው ኮሚቴ አገልግለዋል። ከ1985 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የጥቁር እንደራሴዎች ኅብረት (ኮከስ) ሊቀመንበር ነበሩ።

በክልላቸው ጥቁሩና የሜክሲኮ ተወላጁ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ሌላንድ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበሩ። በ1981 የመምረጥ መብት ሕግ እንዲራዘም ሲከራከሩ፣ በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጅ የድምፅ መስጫ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት በምክር ቤቱ መድረክ ላይ በስፓኒሽ መናገር ጀመሩ። አዳራሹ ደነገጠ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ምርጫ ጣቢያ ገብቶ ምን እንደሚሰማው ለአንድ አፍታ ለእንደራሴዎቹ አቅምሰዋቸዋል።

ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ከ18ኛው የምርጫ ክልል አሥር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየክረምቱ እስራኤል ሄደው በኪቡጽ (በጋራ በሚተዳደር የእርሻ መንደር) እየሠሩ እንዲኖሩ የሚያደርግ ፕሮግራም አቋቋሙ። በወቅቱ በአሜሪካ ጥቁሮችና በአይሁድ ማኅበረሰብ መካከል ቅሬታ ነበረ፤ ሌላንድ መፍትሔውን ከልጆቹ መጀመርን መረጡ። ፕሮግራሙ ከሞታቸው በኋላም በስማቸው ቀጥሏል።

የረሃብ ኮሚቴው

በ1984 ሌላንድ ከኒው ዮርኩ ሪፐብሊካን ቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆነው የረሃብን ጉዳይ የሚከታተል ልዩ ኮሚቴ በተወካዮች ምክር ቤት እንዲቋቋም አደረጉ፤ ሊቀመንበሩም ራሳቸው ሆኑ። ልዩ ኮሚቴ ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን የለውም። ሥራው ማጥናት፣ ምስክር መስማትና ሌሎቹን ኮሚቴዎች መጎትጎት ነው። ሌላንድ ይህን ድክመት ወደ ጥንካሬ ለወጡት። ወረቀት ላይ ከመጻፍ ይልቅ ሄደው ማየትን ሥራቸው አደረጉ፤ በአሜሪካ ከተሞች ነጻ ምግብ የሚታደልባቸውን ቦታዎችና የቤት አልባዎችን መጠለያ እየዞሩ ጎበኙ፤ አፍሪካም ተመላለሱ። በፊፍዝ ዋርድ ከቤት ወደ ቤት የዞረው ወጣት አሁን የሚዞረው በስደተኞች ድንኳን መካከል ሆነ።

የኮሚቴው መቋቋም ከእኛው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጋር ገጠመ። በኦክቶበር 1984 የኮረም ሰቆቃ በቢቢሲ ሲታይ የዓለም ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። የፕሬዚዳንት ሬጋን መንግሥት በአንድ በኩል የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም እያለ፣ በሌላ በኩል ከሶቪየት ጎን ለቆመው ደርግ እጅ የሚሰጥ ነገር እንዳይኖር ይጠነቀቅ ነበር። ሌላንድ የሁለቱም ፓርቲ አባላት ያሉበትን የልዑካን ቡድን እየመሩ ወደ ኢትዮጵያ መጡና የሚያስፈልገውን ርዳታ በቦታው ገመገሙ። ሲመለሱም አርቲስቶችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን አሰባስበው ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ውጤቱ በ1985 የጸደቀው የአፍሪካ ረሃብ ርዳታና ማገገሚያ ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ እህልና የሰብአዊ ርዳታ ቁሳቁስ ተፈቀደ። የገንዘቡ ድርሻ የብዙ ሰው ልፋት ውጤት መሆኑ ባይካድም፣ የሌላንድ ግፊት ባይኖር በዚያ ፍጥነት ያልፍ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ሌላንድ ደጋግመው የሚተርኩት አንድ ገጠመኝ ነበር። በሱዳን የስደተኞች ካምፕ አንዲት ከሥጋዋ አጥንቷ የሚበልጥ ልጅ አይተው፣ ስለ እርሷ ሊጠይቁ ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰው ሲያዞሩ ልጅቷ ነፍሷ ወጣ። ፊቷ ዘወትር እንደሚታያቸው ይናገሩ ነበር።

ኮሚቴው በረሃብ ዘመን ብቻ አልተወሰነም። በድኻ አገሮች ለሚካሄድ የሕፃናት ክትባት፣ ለቫይታሚን ኤ ስርጭትና ለመሠረታዊ ጤና አገልግሎት የሚመደበው ገንዘብ ከፍ እንዲል፣ በአገር ውስጥ ደግሞ ቤት አልባዎች የምግብ ኩፖን እንዲያገኙ ተሟግቷል።

ትችቶች

በመራጮቻቸው ዘንድ «የራሳችን ሠፈር እየተራበ እንደራሴያችን ውጭ አገር ይዞራል» የሚል ቅሬታ ይሰማ ነበር። ድምፁ በምርጫ ሣጥን ውስጥ አልታየም። ሌላው ትችት ከፊደል ካስትሮና ከኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ለመነጋገር አለማመንታታቸውን የሚመለከት ነው። ተቺዎች ይህ ለአምባገነኖች ክብር መስጠት ነው ይላሉ። የሌላንድ መልስ የተራበውን ሰው ለማግኘት በሩን በያዘው ሰው በኩል ማለፍ ግድ ነው የሚል ነበር፤ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ ደግሞ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ የታወቀ ነው። ጥያቄው በኢትዮጵያውያን ዘንድም አንድ ዓይነት መልስ የለውም፤ ርዳታው ስንቱን አዳነ፣ መንግሥቱንስ ምን ያህል አቆየ የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1981 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያ ከግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገና ሦስት ወር አልሞላትም ነበር። በምዕራብ ጠረፍ በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ ካምፖች ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ተጠልለው ነበር። በፉኝዶ ከነበሩት ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ያልተከተሏቸው፣ በእግር ለሳምንታት ተጉዘው የደረሱ ልጆች ናቸው። ሌላንድ ሊያዩ የሄዱት እነዚህን ነው።

ሰኞ ነሐሴ 1 ቀን የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰዎችን ይዛ ከአዲስ አበባ ተነሣች። ሌላንድን ጨምሮ ዘጠኙ አሜሪካውያን ነበሩ፤ የኮንግረስ ሠራተኞች፣ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲና የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ባልደረቦች፣ አንድ የኒው ዮርክ ነጋዴም ነበሩባት። ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አብራሪዎቹና የኮሚሽኑ ሰዎች። የነሐሴ ደመና በምዕራቡ ደጋ ላይ ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

ፍለጋው ስድስት ቀን ወሰደ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል በአምባሳደር ደረጃ ግንኙነት ከተቋረጠ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ያም ሆኖ ደርግ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ገብተው እንዲያስሱ ፈቀደ። የምክር ቤት ባልደረቦቻቸውም ለፍለጋው ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። እሑድ ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪው በጋምቤላ አቅጣጫ በተራራ ተዳፋት ላይ ተገኘ፤ በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ለአደጋው የተሰጠው ምክንያት መጥፎ የአየር ሁኔታ ነው። የአሜሪካውያኑ ስም በብዙ መታሰቢያ ላይ ሰፍሯል፤ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ግን በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁሉ ማለት ይቻላል «ሰባት ኢትዮጵያውያን» ተብለው በቁጥር ያልፋሉ። በዚያ ደመና ውስጥ መሪውን የያዙት እነርሱ ነበሩ።

ሌላንድ በሂዩስተን ጎልደን ጌት መቃብር ተቀበሩ። በ1983 ካገቧቸው ከባለቤታቸው ከአሊሰን አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። አደጋው ሲደርስ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ በጃንዋሪ 1990 መንታ ወንዶች ልጆች ወለዱ።

ወንበሩና መታሰቢያዎቹ

በዲሴምበር 1989 በተደረገ የማሟያ ምርጫ ወንበራቸውን ከ«የሕዝቡ አምስት» አንዱ የነበሩት ክሬግ ዋሽንግተን ያዙ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሺላ ጃክሰን ሊ በ2024 እስኪሞቱ ድረስ ቆዩበት። የረሃብ ኮሚቴው በ1993 ፈረሰ። በ1990 የወጣው የእርሻ ሕግ የአገር ውስጥ ረሃብን የሚመለከተው ክፍል በሌላንድ ስም ተሰየመ። በ1993 የተቋቋመው የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል ደግሞ ወጣቶችን የሚያሠለጥንበትን ፕሮግራም በእርሳቸውና በሪፐብሊካኑ ቢል ኤመርሰን ስም ጠርቶታል።

በሂዩስተን የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ፣ በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ከባርባራ ጆርዳን ጋር በጥምር የሚጠራ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት እንዲሁም በከተማዋ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ተርሚናል በስማቸው ተሰይመዋል። ሂዩስተን ውስጥ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ፣ ሳያስተውለውም ቢሆን፣ በዚያ ተርሚናል ሳያልፍ አልቀረም። አዲስ አበባ ላይ ስማቸው የተሰጠው መንገድ የሚገኘው በቦሌ አካባቢ ነው፤ አንዳንድ ካርታዎች ላይ «ማይክ ሌይላንድ» ተብሎ ተጽፏል።