ወረርሽኝ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒና የሕሊና ጭንቀት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የሕሊና ጭንቀት የሚባለው ለታካሚው ምን እንደሚበጀው እያወቅክ መመሪያው፣ አለቃው ወይም የዕቃ እጥረቱ እጅህን ሲይዝህ የሚመጣው ነው። ስለ ነገሩ ከነርሶች ሥራ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው አሜሪካዊው የሥነ ምግባር ፈላስፋ አንድሪው ጄምተን ነው። ከተራ ድካም ይለያል። የደከመ ሰው ሁለት ቀን ቢተኛ ይሻለዋል፤ ይሄኛው ግን በእረፍት አይለቅም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሥራው ሰው የዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲችል ማድረግ ነው። እኛ ጋ ይህ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ፣ ስትሮክ ቀኝ እጁን ያሰነፈበትን ሰው ያስብ፦ እንጀራ መቁረስ፣ ወጥ ማጥቀስ፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ ነጠላ መልበስ። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ለተሐድሶ (የተጎዳን ሰው ወደ ዕለት ኑሮው ለመመለስ) የታወቀ ነው። በሽታው እጅን ያደነዝዛል። ስለዚህ ታካሚዋ ጀበናውን በጨርቅ ይዛ ማንሳትና ጣቶቿን በየቀኑ በዓይኗ መፈተሽ ትማራለች፤ ቢያቃጥላት አይሰማትማ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተጠግቶ ነው። እጅ ይዞ፣ ወገብ ደግፎ፣ ምራቁ የሚፈስ ሕፃን ፊት ለፊት ተቀምጦ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ ነገሩ ተገለባበጠ። በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ማከሚያ ሆነ። መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉም አሻቀበ። እንግዲህ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ተነስታ፣ መራመድ የማይችል ልጇን አዝላ ወደ መሀል ከተማ የምትመጣን እናት አስቡ። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ የደረሳት ደግሞ ገና ታክሲ ሳትይዝ ጉልበቷ አልቋል።

ተሐድሶ «አስቸኳይ ያልሆነ» በሚባለው ተራ ውስጥ ገባ። ለእኔ የጭንቀቱ እምብርት እዚህ ነው። በጣም የሚቀፍ ምደባ ነው። ማንም አይሞትም፣ እውነት ነው፤ ግን ከስትሮክ በኋላ እጅ በብዛት የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያም ይኮማተርና በኋላ ለማላቀቅ ይከብዳል። ቴራፒስቱ ይህን ያውቃል። እያወቀ ስልክ አንስቶ «ሁኔታው ሲስተካከል እንደውላለን፣ እናቴ» ይላል። የቤት ለቤት ጉብኝት ቢቀጥልስ? ማስክ በሌለበት ቫይረሱን ለሽማግሌ ታካሚ ይዞ መግባት አለ፣ ማታ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አብራው ወደምትተኛ እናቱ መመለስ አለ። ቢሄድም ቢቀርም ሕሊናው ይከሰዋል።

በስልክ እንርዳ ተብሎ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ቤት ያለው የቁልፍ ስልክ ነው። ስማርት ስልክ ያለውም ቢሆን፣ ሰኔ 2012 ሊያልቅ ሲል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ደግሞስ የእጅን ግትርነት በስልክ እንዴት ትለካዋለህ?

ማስኩም የራሱን ጣጣ አመጣ። አንደበቱ የተያዘ ሰውና መስማት የተሳነው ከንፈር እያየ ነበር የሚከተለው።

ሌላው ጉዳይ የሰው ቁጥር ነው። ያኔ በዚህ ሙያ የሰለጠነ ሰው በአገሪቱ እጅግ ጥቂት ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን የከፈተው በቅርብ ዓመታት ነው። በዳርቻው ሰፈር ሥራውን የሚሸፍኑት ብዙውን ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቶችና ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሠራተኞች ናቸው፣ ጭንቀቱም የእነሱ ነው፣ የሚያማክሩት የሙያ ታላቅ ሳይኖራቸው።

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ተሰብስቦ መወያየት፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ እረፍት ነው። አይጠላም። ሸክሙን ለብቻ ከመሸከም ያድናል። ግን ጭንቀቱን የፈጠረው ምደባው ከሆነ፣ ማን አስቸኳይ ነው የሚለው ሲወሰን ቴራፒስቱም ከወሳኞቹ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ለቤት ጉብኝት የሚሆን ማስክና ጓንትም ከድንገተኛ ክፍሉ እኩል በጀት ሊያዝለት ይገባል።