ካድ (ዕቃን በኮምፒውተር መንደፍ) ላይ ተነቃይ አሻራ ምንድን ነው?

ዝናብ በጣለ ማግስት ድሬዳዋ ያለው ደቻቱ ወንዝ ወርዳችሁ እርጥብ አሸዋ ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ካነሳችሁ ዳናው ከተረከዝ እስከ ጣት ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ጣታችሁን አሸዋው ውስጥ ቆልምማችሁ ካነሳችሁ ግን ጠርዙ ይናዳል። ተነቃይ አሻራም እንዲሁ ነው። የአንዱን ዕቃ ቅርጽ ሌላው ውስጥ ጉድጓድ አድርጎ ማስቀረት፣ ዕቃው ግን ያለ ትግል ገብቶ እንዲወጣ።

መቆፈሩ ቀላል ነው። ሁለቱን አካላት አደራርባችሁ አንዱን ከሌላው ትቀንሳላችሁ። ፍሪካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም «ከት» ይለዋል፣ ብሌንደር የተባለው ደግሞ «ዲፈረንስ»። የጋራ ስሙ ቡሊያን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው የሒሳብ ሊቅ በጆርጅ ቡል ስም የተጠራ።

ጣጣው ያለው ማውጣቱ ላይ ነው። ከድሬ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ጀበና ልልክ ፈልጌ መያዣ ልሠራላት ተነሳሁ። ጀበናዋን በስልክ ስካን አደረግኩ። በጎኗ አስተኛኋትና «ጠለቅ ካለች አትነቃነቅም» ብዬ ሁለት ሦስተኛዋን ቀበርኳት። ስክሪኑ ላይ ስታምር! ፕላስቲክ እየደረበ ዕቃ የሚሠራው 3D ፕሪንተር ሲያትም አደረ። ጠዋት ጀበናዋ አልገባም አለች። ለካ የጉድጓዱ አፍ ከሆዷ ጠቧል። ኮምፒውተሩ ዕቃው በየት በኩል እንደገባ ግድ የለውም፤ ቀንስ ሲሉት ይቀንሳል። እንዲህ ከአፉ ሥር ወደ ጎን የሚሰፋው ቦታ «አንደርከት» ይባላል።

መላው ጥላ ነው። የድሬ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጀበናዋ መሬት ላይ የምትጥለውን ጥላ አስቡ። ከሰፊው ወገቧ በታች የራሷን ቅርጽ ትቆርጣላችሁ። ከወገቧ በላይ ግን የጥላውን ዙሪያ ይዛችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስኪወጣ ትቆርጣላችሁ። ያኔ መውጫዋን የሚዘጋ ነገር አይኖርም።

ሌላው ትንፋሽ መስጠት ነው። ልክ በልክ የተቆረጠ ነገር አይገባም። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ በየጎኑ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር መተው የተለመደ ነው። ጀበና ግን የእጅ ሥራ ናት፣ ሸክላው ይጎረብጣል፤ እኔ 1 ሚሊ ሜትር ተውኩ። ታዲያ ይሄን ሁሉንም በመቶኛ በሚያሳድገው በ«ስኬል» እንዳትሞክሩት። በ2 በመቶ ብታሳድጓት 200 ሚሊ ሜትር ቁመቷ በ4 ሲጨምር፣ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እጀታዋ 0.3 ብቻ ይጨምራል። ዙሪያዋን እኩል የሚያሰፋው «ኦፍሴት» ነው።

ስካን ያደረጋችሁት ቅርጽ ቀዳዳ ካለበት ደግሞ ቡሊያኑ ይበላሻል። አስቀድማችሁ ድፈኑት፣ ቅርጹ የተሠራባቸውን የጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ብዛትም ቀንሱ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

ሁለተኛው መያዣ ላይ ጀበናዋ ሸርተት ብላ ገባች። ጣት ማስገቢያ መተው ረስቼ ስለነበር ግን ለማውጣት መያዣውን ትራስ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ።