የሽምብራ አጠውልግ ፈንገስ ልዩነት በጎንደር አካባቢ

የሽምብራ አጠውልግን የሚያመጣው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የተባለ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። በሥር ገብቶ ውኃ የሚያመላልሱትን የግንዱን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በጥም ይደርቃል። በጎንደር አካባቢ ሽምብራ በስፋት የሚዘራው በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዋልካ መሬት ላይ ሲሆን፣ ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። አንዱ ማሳ ላይ ጸንቶ የቆመ የሽምብራ ዝርያ ሌላው ማሳ ላይ ሲረግፍ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘሩ ወይም አፈሩ ነው። ፈንገሱ ራሱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ይህን የፈንገሱን ልዩነት ለማጥናት ናሙና ከመውሰድ በፊት በሽታውን ከመሰሎቹ መለየት ያስፈልጋል። አጠውልግ በያዘው ተክል ላይ ቅጠሉ ሳይረግፍ ይዝላል። ሥሩ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ግንዱ ከሥሩ በላይ ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን መሐሉ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ይታያል። ሥሩ ተሰባሪና የበሰበሰ ከሆነ ነገሩ ሥር አበስብስ ነው። በአንገቱ ላይ ነጭ ድርና የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ክብ እንክብሎች ከታዩ ደግሞ ስክሌሮሲየም የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው። ሦስቱም አንድ ማሳ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ «የደረቀ ሽምብራ» ብቻ ተብሎ የተሰበሰበ ናሙና ላቦራቶሪ ሲደርስ የተደባለቀ ውጤት ይሰጣል።

ናሙናው በወረቀት ከረጢት ይያዛል። በላስቲክ የተቋጠረ ግንድ ያልበዋል፤ እስከ ማግስቱ ባክቴሪያና ተራ ሻጋታ ይወርሰዋል። ከእያንዳንዱ ከረጢት ጋር ወረዳው፣ የሽምብራው ዝርያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታና ባለፈው ዓመት ማሳው ላይ የተዘራው ሰብል ይጻፋል። ይህ ካልተመዘገበ የተገኘው ልዩነት ከአካባቢው ይምጣ ከሽምብራው መለየት አይቻልም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ግንዱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ተቆርጦ 1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባለው በረኪና ለ1 እስከ 2 ደቂቃ ይነከራል፤ ሦስት ጊዜ በንጹህ ውኃ ታጥቦ ይደርቅና የድንች አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ይቀመጣል። አጋሩ የሚሠራው ከ200 ግራም ድንች መረቅ፣ 20 ግራም ዴክስትሮዝ (ስኳር)ና 20 ግራም የአጋር ዱቄት፣ ለአንድ ሊትር ተሞልቶ ነው። ማምከኑ (ተሕዋስያንን በሙቀት መግደሉ) ላይ ጎንደር የራሷ ጣጣ አላት። መመሪያዎች 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይላሉ፤ ለዚህም የአውቶክሌቩ (በእንፋሎት የሚያመክነው ዕቃ) መርፌ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ እንዲቆም ያዛሉ። ይህ ስሌት ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለች ከተማ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በተራ የግፊት መርፌ 15 ሲነበብ ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ተኩል መጠጋት ይጠይቃል፤ ዕቃው ያን ያህል የማይችል ከሆነ ጊዜውን ማርዘም ነው። ምንጩ የጠፋ ብክለት ሲደጋገም ከሠራተኛው እጅ በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

ፈንገሱ በ25 ዲግሪ ሰባት ቀን ሲቆይ መልኩ ይወጣል። አንዱ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነጭ፣ ሌላው ሮዝ ወይም ሐምራዊ፣ ሌላው አጋሩ ላይ የተለጠፈ ይሆናል። ትናንሾቹ ስፖሮች (ፈንገሱ የሚራባባቸው ደቃቅ ዘሮች) ከ5 እስከ 11 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ይረዝማሉ፤ ትልልቆቹ ማጭድ መሰል ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ክፍልፍል አላቸው። ይህ ሁሉ ተለክቶ በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ብዙ የሚናገር ይመስላል፤ ግን ቀለሙ በብርሃን፣ በአጋሩ ዓይነትና በዕድሜ ይለዋወጣል። ተደጋግሞ ከሳህን ወደ ሳህን የተዛወረ ፈንገስ ስፖሩ ሊቀንስና የማጥቃት ኃይሉ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ከአንድ ስፖር ተነጥሎ መጀመርና ሳይውል ሳያድር መቀመጥ አለበት። መልክ የፉዛሪየምን ወገን ለማወቅ ያገለግላል፤ የትኛውን ሽምብራ እንደሚገድል ግን አይነግርም።

ይህን የሚነግረው ሽምብራው ነው። በሳይንሱ አነጋገር «ሬስ» የሚባለው አንዱን የሽምብራ ዝርያ ገድሎ ሌላውን የሚምር የፈንገስ ወገን ነው፤ እዚህም ሬስ ያልነው «ዝርያ» የሚለው ቃል ለሰብሉ ስለተያዘ ነው። እስካሁን ስምንት ሬሶች ተመዝግበዋል። 0 እና 1ቢ/ሲ ተክሉን ቀስ በቀስ ያስቢጫሉ፤ 1ኤ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ፈጥነው ያጠወልጋሉ። የሚለዩት ጽናታቸው በታወቀ መለያ ዝርያዎች ላይ ተሞክረው ነው፤ ለምሳሌ ጄጂ 62 የተባለው የሕንድ ሽምብራ ከሬስ 0 በቀር በሁሉም ይጠቃል። ችግኙ ሥሩ ጫፉ ተቆርጦ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ስፖር ባለው ውኃ ይነከርና ይተከላል። ከጎኑ በንጹህ ውኃ የተነከረ ችግኝ ካልተተከለ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ የተቆረጠ ሥር በራሱም ያጠወልጋልና። ሙቀቱም መጠበቅ አለበት፦ በ24 ዲግሪ ሬስ 1ኤን በመጠኑ የሚቋቋም ዝርያ በ27 ዲግሪ ክፉኛ ሲጠቃ ታይቷል። ሙቀቱ ያልተመዘገበ ሙከራ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም።

የዲኤንኤው ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ፈንገሶችን ለመለየት የተለመደው አይቲኤስ የተባለው ቁራጭ ጎጂውንና በሥር ዙሪያ ያለ ጉዳት የሚኖረውን ፉዛሪየም አንድ አድርጎ ያሳያል። ቲኢኤፍ 1 አልፋ የተባለው ዘረመል የተሻለ ይለያል፤ ሬስን ግን እሱም ብቻውን አይወስንም። ይህ ፈንገስ በጾታ ሲራባ አልታየም፤ ልዩነቱ በሚውቴሽን (በዘረመል ድንገተኛ ለውጥ) ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። ቲማቲምን በሚያጠቃው ዘመዱ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ ከ15 ክሮሞዞሞቹ (ዘረመሎችን የሚሸከሙ የዲኤንኤ ክሮች) አራቱ የዚያ ወገን ብቻ መሆናቸውንና አጥቂነቱን የተሸከመው ክሮሞዞም ወደማያጠቃ ፈንገስ ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቷል።

ከስንዴ ዋግ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋል። የዋግ ስፖር በነፋስ አገር ያቋርጣል፤ በባሌና በአርሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ የመታው ቲኬቲቲኤፍ የተሰኘ የግንድ ዋግ ሬስ ነበር። ዋግ አጋር ላይ አይበቅልም፣ የሚቆየው በሕይወት ባለ ቅጠል ላይ ነው። በደባርቅና በዳባት ብርድ የሚመቸው ደግሞ ቢጫ ዋግ ነው። የሽምብራው ፉዛሪየም በአንጻሩ እግር የለውም፤ በራሱ ሩቅ አይሄድም። የሚያጓጉዘው ከበሽተኛ ማሳ ተወቅቶ ገበያ የወጣ ዘር፣ በማረሻ የተጣበቀ ጭቃና ጎርፍ ነው። ስለዚህ የደምቢያና የሩቅ ወረዳ ናሙና ዘረመሉ አንድ ሆኖ ሲገኝ ከአየር ጠባዩ በፊት የዘሩ መንገድ ይጠየቃል።

ፈንገሱ ሽምብራ ባይዘራም አፈር ውስጥ ከስድስት ዓመት በላይ ይቆያል። የአንድና የሁለት ዓመት ፈረቃ የማያጠፋው ለዚህ ነው። ምስርና አተር ደግሞ ምልክት ሳያሳዩ ይሸከሙታል፤ በሽምብራ ፈንታ ምስር የተዘራበት ማሳ «አርፏል» አይባልም። ፈረቃው ወደ ጤፍ ወይም ስንዴ ቢሆን ይሻላል፤ ለቀጣዩ የሽምብራ ዘርም ከታመመ ማሳ ፍሬ አለመያዝ ነው።