ፌዴራላዊ ማኅበራዊ መረብ ምንድን ነው?

ፌዴራላዊ ከሚባሉት ማኅበራዊ መረቦች አንዱ ስለሆነው ስለ ማስቶዶን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚቀረው አንድ ቃል ነው፦ «ባለቤት የለውም»። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ብዙ ነው። ፌስቡክ የአንድ ኩባንያ ስለሆነ የደብረ ማርቆሱ ተማሪም የዳንግላው ነጋዴም የሚገቡት በአንድ በር ነው። በፌዴራላዊ መረብ ግን በሩ በሺዎች ይቆጠራል። እያንዳንዱ በር ሰርቨር ነው፣ የአባላቱን አካውንትና ጽሑፍ የሚይዝ ኮምፒውተር፤ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ደንብ፣ የኪራዩን ሒሳብ የሚከፍል የራሱ ሰው አለው። በአንዱ በር የገባ በሌላው ከገባው ጋር ያወራል። (ፌዴራላዊ ሲባል የክልልና የፌዴራል ሙግት ትዝ የሚለው ካለ ይተወው፤ እዚህ ማእከላዊ መንግሥት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።)

ኢሜይል የሚጠቀም ሰው ግማሹን ከወዲሁ ያውቀዋል። ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው ሲልክ የሚያገናኛቸው የጋራ የመላላኪያ ደንብ ነው። ለማኅበራዊ መረብ የወጣው ደንብ አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ማስቶዶን ለአጫጭር ጽሑፍ፣ ፒክስልፌድ ለፎቶ፣ ፒርቲዩብ ለቪዲዮ፣ ሌሚ ለውይይት ሁሉም ይህንኑ ደንብ ስለሚናገሩ ከማስቶዶን ሳይወጡ የፒርቲዩብ ቪዲዮ ለቃቂን መከተል ይቻላል። ከትልልቆቹ የሜታው ስሬድስ በከፊል ገብቶበታል። ብሉስካይ ሌላ ደንብ ስላለው በቀጥታ አይግባባም።

አድራሻው ሁለት ክፍል አለው፤ የሰውየው ስምና የሰርቨሩ ስም። በፊደላችን እንጻፈውና @አልማዝ@ማርቆስ እንበል። እውነተኛው አድራሻ በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚሠራው፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ከላይ የሚታየው የማሳያ ስም ነው። በፌስቡክ የለመደ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ይዘለውና «ፈልጌ አጣሁሽ» ይላል። ስልክ ቁጥርን ግማሹን ደውሎ እንደ መጠበቅ ነው።

አሁን አንድ ጽሑፍ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር እንዴት እንደሚደርስ እንከተለው። አልማዝ ደብረ ማርቆስ ባለ የአንድ ክበብ ሰርቨር ላይ ናት፤ በላይ የሚባል ሰው ደግሞ ባሕር ዳር ባለ ሌላ ሰርቨር ላይ ነው። በላይ ሙሉ አድራሻዋን መፈለጊያው ላይ ሲጽፍ የእሱ ሰርቨር የማርቆሱን «አልማዝ የምትባል አለች?» ብሎ ይጠይቃል። የማርቆሱም የገጿን አድራሻ፣ የመልእክት ሣጥኗንና የፊርማዋ ማረጋገጫ የሆነውን ይፋ ቁልፍ ይሰጠዋል። በላይ «ተከተል» ሲጫን ጥያቄው ሣጥኗ ውስጥ ይገባል፤ ሰርቨሯ «እሺ» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ድረስ ገና ምንም ጽሑፍ አልተላከም።

አልማዝ የቡሬን በርበሬ ዋጋ ስትጽፍ ሰርቨሯ መጀመሪያ ራሱ ጋ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በምስጢር ቁልፏ ይፈርምበትና ተከታይ ላላት ሰርቨር ሁሉ ይልካል። ባሕር ዳር ባለው ሰርቨር ላይ 60 ተከታይ ቢኖራት 60 ጊዜ አይልክም፤ አንድ ጊዜ ልኮ ማከፋፈሉን ለተቀባዩ ይተዋል። የባሕር ዳሩ ፊርማውን በይፋ ቁልፉ ያመሳክርና የራሱን ግልባጭ ያስቀምጣል።

ግልባጭ የምትለዋን ቃል ያዟት፤ አዲስ ገቢን ግራ የሚያጋባው ነገር አብዛኛው ከእሷ ነው የሚመነጨው። አልማዝ ጽሑፏን ስትሰርዝ ለሌሎቹ የሚደርሳቸው «ሰርዙልኝ» የሚል መልእክት ነው፤ ሰርቨሩ ተዘግቶ ከሰነበተ ወይም ባለቤቱ እምቢ ካለ ግልባጩ እዚያው ይቀራል። የመውደድ ቁጥሩም እዚህ 3 እዚያ 11 ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሰርቨሮች የቆጠሩት የደረሳቸውን ነውና። በላይ «ማንም አልመለሰላትም» ያለበት ጽሑፍ ሥር ማርቆስ ላይ ሃያ መልስ ሊኖር ይችላል፤ መልሶቹን ለማየት የጽሑፉን ዋና ገጽ መክፈት ነው። «ለተጠቀሱት ብቻ» ተብሎ የተጻፈ የግል መልእክትም በማስቶዶን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም፤ የላኪውም የተቀባዩም ሰርቨር አስተዳዳሪ ዳታቤዙን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ምስጢር እዚያ አይጻፍም።

ለአማርኛ ጸሐፊ የፊደል ቁጥሩ ደስ ይላል። ማስቶዶን ሲተከል ያለው ገደብ 500 ሲሆን አንድ ፊደል አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የቀድሞው ትዊተር፣ የአሁኑ ኤክስ፣ በነፃው አካውንት 280 ቢልም የግዕዝን ፊደል እያንዳንዱን ሁለት አድርጎ ስለሚቆጥር ለእኛ የሚተርፈው 140 ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናትና የትም ትገባለች። ስምንት ቤቱን መወድስ ግን በ140 ፊደል ማን ይችለዋል? ማስቶዶን ላይ ከነትርጓሜው ሊገባ ይችላል።

ሃሽታግ ላይ ግን ጣጣ አለብን። ፌስቡክን የመሰለ መራጭ ቀመር እዚህ ስለሌለ የማያውቁህ ሰዎች የሚያገኙህ በዋናነት በሃሽታግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፅ አይሰማም፣ ቅርጽ ነው የሚያየው። #ዓባይ እና #አባይ፣ #ሥራ እና #ስራ ለእሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከዚህ የባሰው መነሻችን ከቃሉ መጣበቁ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ #በጎጃም ብሎ የጻፈ ሰው #ጎጃምን ለሚከተሉት አይታይም። መላው ቀላል ነው፦ ሃሽታጉን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ መጨረሻ ላይ ያለ ቅጥያ ማስቀመጥ፣ ሁለት አጻጻፍ ያለውን ቃል ሁለቴ መጻፍ። የጽሑፉን ቋንቋም «አማርኛ» ብሎ መምረጥ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ተብሎ ከተለጠፈ አማርኛ ብቻ ለማየት ያጣሩ ሰዎች ጋ አይደርስም።

የራሱን ሰርቨር መትከል ለሚፈልግ ማኅበር ወይም ክበብ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ወጪው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ማስቶዶን ከባድ ነው። ዳታቤዙ፣ ጊዜያዊ ማኅደሩ ሬዲስና መልእክት አመላላሹ ሳይድኪክ አብረው ስለሚሮጡ ከ2 ጊጋባይት ራም በታች አይሞከርም፤ 4 ቢሆን ይሻላል። ለሃያ ሰው የሚሆን ከሆነ ጎቱሶሻል የተባለው ቀለል ያለ ነው፤ 1 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ይሠራል፤ ገብተው የሚጽፉበትና የሚያነቡበት የራሱ ድረ ገጽ ስለሌለው በስልክ መተግበሪያ ነው የሚጠቀሙት። እኛ ለትንሽ ማኅበር የምንመክረው እሱን ነው።

ማሽኑን ቤት ከማስቀመጥ መከራየት ይሻላል። ቤት ያለ ኢንተርኔት ቋሚ ይፋ አድራሻ ብዙ ጊዜ የለውም፤ የመብራት መቋረጡም አለ። ሰርቨር ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ክፉ አይደለም፤ ሌሎቹ የማስቶዶን ሰርቨሮች በየሙከራው መሐል ያለውን ጊዜ እያራዘሙ መልእክቱን ለመላክ ለሁለት ቀን ያህል ደጋግመው ይሞክራሉ። ሰባት ቀን ሙሉ መላኩ ካልተሳካ ግን ሞቷል ብለው መላክ ያቆማሉ፤ እንደገና ሲነሣና ሲያነጋግራቸው ይቀጥላሉ፣ መሐል የቀረው ግን ተመልሶ አይመጣም። ተጠቃሚው ጋ ያለው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ፌዴራላዊነት የሚያድነው ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ የትኛውም መተግበሪያ ያው ነበር።

ተከላው ላይ ከሚበላሹት አንዱ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ነውና ብሎ የማሽኑን ሰዓት 2፡00 ላይ ያደረገ ሰው ሰርቨሩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያስቀራል፤ ከውጭ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ከወደፊት የመጣ መስሎት ፊርማውን አልቀበልም ይላል። ነገሩ የፊርማ ስሕተት ስለሚመስል ሰው ቁልፉን ሲፈትሽ ይውላል። ሰዓቱን ኤንቲፒ (የማሽንን ሰዓት በኢንተርኔት የሚያስተካክለው ሥርዓት) ራሱ እንዲያስተካክል መተው ነው። ሁለተኛው ዲስክ ነው። የራስህ ተጠቃሚዎች አሥር ቢሆኑም ከሚከተሏቸው ሰዎች ሁሉ የፎቶ ግልባጭ ይጠራቀማል፤ ሳምንት ያለፈው የውጭ ፎቶ በራሱ እንዲጠፋ ከመጀመሪያው ካልታዘዘ ዲስኩ ሞልቶ ዳታቤዙ ይቆማል።

ሦስተኛው ስም ነው፣ እሱ ደግሞ መመለሻ የለውም። ማስቶዶን አንዴ በአንድ ዶሜን (በሰርቨሩ የኢንተርኔት ስም) ከተነሣ በኋላ ዶሜኑን መቀየር አይቻልም፤ ሌሎች ሰርቨሮች ሰዎቹን የሚያውቋቸው በዚያ ስም ነውና። የዶሜኑን ዓመታዊ ክፍያ የረሳ የሁሉንም አድራሻ አብሮ ያጠፋል። ክፍያው በአንድ ሰው ካርድ የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ ሁለተኛ ሰው የይለፍ ቃሉን ይያዝ። ዕድር ገንዘብ ያዥና ጸሐፊን የሚለየው በከንቱ አይደለም።

አባል ሆኖ የገባ ሰው ሰርቨሩ ካልተመቸው መልቀቅ ይችላል። አዲስ አካውንት ይከፍትና እዚያ የድሮውን አድራሻ ይመዘግባል፤ ከዚያ በድሮው ገብቶ «አዛውር» ይላል። ተከታዮቹ በራሳቸው ይዛወራሉ። የሚከተላቸውንና ያገዳቸውን ሰዎች ዝርዝር ግን ራሱ በፋይል አውርዶ አዲሱ ላይ መጫን አለበት፤ የቀድሞ ጽሑፎቹ የትም አይሄዱም፣ የድሮው ሰርቨር እስካለ እዚያው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የድሮው ሰርቨር በሕይወት ካለ ብቻ ነው። ባለቤቱ «በሚቀጥለው ወር እዘጋለሁ» ብሎ ያስታወቀ ቀን ነው መዛወር፤ ከተዘጋ በኋላ «ይህች ሰው ወደዚያ ሄዳለች» ብሎ ለተከታዮቿ የሚናገር አይኖርም።